ሱስን ግዝት ብቻውን አይፈታውም

ሰው ከእንስሳት ሁሉ ተለይቶ የከበረው የሚበጀውንና የሚጎዳውን ለይቶ በሚያውቅ አእምሮውና ያወቀውን በሚፈጽም ፈቃዱ ነው። እንስሳ የራበው እንደ ሆነ ይበላል፤ የጠማው እንደ ሆነ ይጠጣል፤ ከረካ በኋላ ግን ወደ ውሃው ቢነዱት አይጠጣም። ሰው ግን ሳይጠማው የሚጠጣ፥ ሳይርበው የሚያላምጥ፥ የሚጎዳው መሆኑን እያወቀ የሚሻ ሆኖ የተገኘ እንደ ሆነ፤ አእምሮው ሳይጠፋ ፈቃዱ ተማርኳል ማለት ነው። ይህንን ምርኮ የዛሬ ሰው ሱስ ይለዋል።

ይህ ምርኮ ባሪያውን በሰንሰለት አያስርም። ምርኮኛው ሲወጣ ሲገባ የሚታይ፥ ሰላምታ የሚሰጥ፥ በሥራው ቦታ የሚገኝ፥ በሰንበት ቤተ ክርስቲያን የሚሳለም ሰው ነው። ነገር ግን ጧት ከእንቅልፉ ሲነቃ ከልጆቹ ቍርስ አስቀድሞ የሚያስበው ሱሱን የሚያበርድበትን ገንዘብ ነው። ስለዚህ የሱስ ጉዳት ለዐይን ሳይታይ ብዙ ዘመን ይቈያል፤ የሚታየውም ብዙ ጊዜ ቤቱ ከፈረሰ በኋላ ነው።

በዛሬው ጽሑፋችን ይህንን ነገር በጎንደር ከተማና በሰሜን ጎንደር ደጋ ላይ አድርገን ልንመረምረው አስበናል። ይህንንም ማድረጋችን የዚያ አገር ሰው ከሌላው ይልቅ የከፋ ሱሰኛ ነው ለማለት አይደለም፤ ሱስ በአዲስ አበባም በሐረርም በጅማም አለ። ነገር ግን ጎንደር ዐፄ ፋሲል በ1628 ዓ.ም. ከቈረቈሯት ጀምሮ የመንግሥት መናገሻና የትምህርት ምንጭ ሆና የኖረች ከተማ ናት። ዛሬም የአቋቋም ሊቃውንት አሉባት፤ ዩኒቨርሲቲና ታላቅ ሆስፒታልም አለባት። ሹሙም ካህኑም ሐኪሙም በአንድ ሥፍራ ይገናኙባታል። ሦስቱ በጎንደር ተባብረው ሱስን ለማሸነፍ ያልቻሉ እንደ ሆነ፤ ሐኪም በሌለበት ቆላና ገደል እንዴት ይቻላል?

ሹማምንቶቻችንን ስለ ሱስ ብንጠይቃቸው ሕግ ወጥቷል ይላሉ። ካህናቱንም ብንጠይቃቸው መክረናል፥ አውግዘናል፥ ገዝተናል ይላሉ። ሁለቱም የተናገሩት እውነት ነው። ይሁን እንጂ ጫት ቤቱ አልተዘጋም፤ የአረቄውም መለኪያ ከጠረጴዛው ላይ አልተነሣም። እንግዲህ ሕግም እያለ ግዝትም እያለ ነገሩ እየጸና የሚሄድ ከሆነ ጉድለቱ ከወዴት ነው ብሎ መመርመር ይገባል። እኛ የሚመስለን እንዲህ ነው፤ ሱሰኛን እንደ ሕግ ተላላፊና እንደ ኃጥእ አድርገን አይተነዋል፤ እንደ ሕመምተኛ ግን አላየነውም። ሕመምተኛ መሆኑን ባለማየታችንም ልናድነው ስንደክም የጎዳነው ጊዜ አለ።

ዐዋጅ ብቻውን ልማድን እንደማያጠፋ የገዛ ታሪካችን ይመሰክራል። ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ትንባሆን እጅግ ይጸየፉ ስለ ነበር፤ የሚያጨስ ከንፈሩን፥ የሚያሸት አፍንጫውን እንዲቈረጥ ማዘዛቸው ተጽፏል። ከዚህ የበረታ ቅጣት ሊታሰብ አይችልም። ነገር ግን ንጉሠ ነገሥቱ በ1881 ዓ.ም. በመተማ ጦርነት ቈስለው ካረፉ በኋላ ትንባሆው ተመልሶ ገባ፤ ከዚያም አልፎ በ1934 ዓ.ም. በመንግሥት ሞኖፖል ተይዞ የግምጃ ቤት ገቢ ሆነ። የዚያ ሞኖፖል ወራሽ የሆነው ድርጅት በ2008 እና በ2010 ዓ.ም. በተደረገው ሽያጭ የሚበልጠው ድርሻው ወደ አንድ የጃፓን ኩባንያ ተላልፏል። የአያቶቻችንን ከንፈር ያስቈርጥ የነበረው ቅጠል ለልጅ ልጆቻቸው የአክሲዮን ንግድ ሆነ ማለት ነው። ሕግ ይወጣል፥ ይሻራል፤ ሰው የለመደውን ነገር የሚተካ ሌላ ነገር ካላገኘ ግን ልማዱ ሕጉን ቈይቶ ይቀብረዋል።

ጫትም በኢትዮጵያ ምድር አዲስ ነገር አይደለም። በ14ኛው መቶ ዓመት የተደረገውን የሚናገረው የዐፄ ዓምደ ጽዮን ዜና መዋዕል ስሙን ያነሣዋል። በቀድሞ ዘመን ሙስሊም ወገኖቻችን ሌሊቱን በዱዓና በትምህርት ለመትጋት ይይዙት ነበር፤ ክርስቲያኑ ደግሞ የሃይማኖት መለያ አድርጎ ይሸሸው ነበር። ዛሬ ያ አጥር ፈርሷል። በጎንደር ከተማ ከሰዓት በኋላ በርጫ ይዞ ከሚቀመጠው ወጣት ብዙው ማተቡን በአንገቱ እንዳሰረ ነው። ስለዚህ ጫትን የሌላ ሃይማኖት ነገር ነው ብሎ ማውገዝ ዛሬ ማንንም አይመልስም። ልጆቻቸው ከትምህርትና ከሥራ ተለይተው ሲቀሩ የሚያዝኑ የሙስሊም አባቶችም ብዙዎች ናቸውና፤ ይህ የሁሉም ቤት ሐዘን ነው።

ይህ ቅጠል ወደ ጎንደር የሚመጣው አብዛኛውን ጊዜ ከጣና ዳር፥ ከባሕር ዳር ዙሪያ ነው። በዚያ ያለው ገበሬ ጫትን የመረጠው ክፉ ስለ ሆነ አይደለም። ጫት በዓመት ከአንድ ጊዜ በላይ ይለቀማል፤ ዋጋውም ከእህሉ ይበልጣል፤ ስለዚህ በበቆሎና በጤፍ ማሳ ላይ ጫት ተተከለ። በአውሮፓ አቈጣጠር በ1975 የተባበሩት መንግሥታት ላቦራቶሪ ሊቃውንት ከለጋው ቅጠል ውስጥ ካቲኖን የሚባለውን ንጥር ለይተው አወጡ። ይህ ንጥር ሰውነትን የሚያነቃ፥ ልብን የሚያፈጥን፥ የደም ግፊትን ከፍ የሚያደርግ፥ የምግብ ፍላጎትን የሚዘጋ፥ እንቅልፍን የሚነሣ ነው። ቅጠሉ ከተቈረጠ በኋላ በሁለት ቀን ያህል ውስጥ ኀይሉ እየደከመ ይሄዳል። ጫት የጫነ መኪና መንገዱን እንደ እብድ የሚሮጠው፥ በመንገድም አደጋ የሚያደርሰው በዚህ ምክንያት ነው፤ የሚሽቀዳደመው ከሌላ መኪና ጋር ሳይሆን ከቅጠሉ መድረቅ ጋር ነው።

ጫት የቃመ ሰው ምርቃና በሚሉት ጊዜ ልቡ ይነሣሣል፤ አሳቡ ይበዛል፤ ያልሠራውን ሁሉ የሠራ ይመስለዋል። በዚያች ሰዓት ፎቅ ያልሠራ፥ ነጋዴ ያልሆነ፥ አገር ያላቀና የለም። ከሰዓቱ በኋላ ግን ፎቁም ንግዱም ከገራባው ጋር ይጠረጋል። በማግሥቱ ሐራራው ይነሣል፤ ሰውነቱ ይዝላል፤ ለመተው የሞከረ እንደ ሆነ በሌሊት ዱካክ እያስፈራራው ይነቃል። ለብዙ ዘመን አብዝቶ የቃመ አንዳንድ ሰው ደግሞ የሌለ ድምፅ እስከ መስማት፥ ወዳጁን እንደ ጠላት እስከ መጠርጠር ይደርሳል። ይህ ሲሆን ቤተ ሰቡ መድኃኒት አዞረበት ይላል፤ ሐኪም ዘንድ የሚወስደው ጥቂቱ ነው።

ከሁሉ የሚያስፈራው ግን ጫት ብቻውን አለመቆሙ ነው። እንቅልፍ የተነሣው ሰው ምርቃናውን ለመስበር መጠጥ ይሻል፤ ይህንንም ጨብሲ ይሉታል። እንግዲህ በቀን የሚያነቃውን፥ በሌሊት የሚያስተኛውን ይገዛል፤ በመካከሉ ሲጃራ ይጨምራል፤ ሺሻ ካለበትም ቤት ይገባል። አንዱ ሱስ ሌላውን እንደ ሚዜ አስከትሎ ይመጣል። ለአንዱ የሚሆን ገንዘብ ያልነበረው ሰው ለሦስቱ ባለ ዕዳ ይሆናል። ከዚህ በኋላ የሚሸጠው መጽሐፉን፥ ቀጥሎ ልብሱን፥ ቀጥሎ የእናቱን ዕቃ ነው፤ በመጨረሻም የሚሸጠው ሲያጣ የሰው ኪስ ይመለከታል።

ከጎንደር ወደ ሰሜን በአምባ ጊዮርጊስ፥ በዳባትና በደባርቅ አድርጎ ወደ ስሜን ተራራ የሚወጣ ሰው ደግሞ ሌላ ሱስ ያገኛል። በዚያ ከ2,500 ሜትር በላይ በሆነው ደጋ የሚገዛው ቅጠሉ ሳይሆን አረቄው ነው። ገበያተኛው ሲመለስ፥ እረኛው ሲገባ፥ እንግዳው ሲመጣ የሚቀርብለት እርሱ ነው። ምክንያቱንም ብትጠይቁ ብርድ ያባርራል ይሏችኋል። ነገር ግን ይህ ትልቅ ስሕተት ነው። አረቄ የጠጣ ሰው የሚሞቀው ደሙ ከውስጥ ወደ ቈዳው ስለሚወጣ ነው፤ ሙቀቱም በቈዳው በኩል ወደ ውጭ ይባክናል፤ ውስጡ ይልቁን ይቀዘቅዛል። ሰክሮ በውርጭ መንገድ ላይ ያደረ ሰው ሞቶ የሚገኘው በዚህ ምክንያት ነው። ብርዱን ያባረረ የመሰለው አረቄ ለብርዱ በር የከፈተ ነው።

የአረቄ ነገር ከእንጀራ ነገር ጋርም የተያያዘ ነው። አረቄ የሚወጣው ከዳጉሳ፥ ከገብስ፥ ከበቆሎና ከብቅል ነው፤ ጌሾ ይገባበታል፤ ድፍድፉም በእሳት ላይ ተጥዶ እንፋሎቱ እየቀዘቀዘ እስኪንጠባጠብ ብዙ እንጨት ይነድበታል። ዳግም ሲሆን ደግሞ ሁለት ጊዜ ይነድበታል። በ2015 ዓ.ም. ክረምት ዝናቡ ሳይዘንብ ቀርቶ በጃናሞራ፥ በበየዳና በጠለምት ሕዝቡ በረኃብ መጨነቁን ሁላችንም ሰምተናል። እህል በቸገረበትና ደኑ በተመናመነበት አገር የሚበላውን እህል በሚነደው እንጨት አፍልቶ ወደሚያሰክር ውሃ መለወጥ ከራስ ጋር መጣላት አይደለምን?

ይሁን እንጂ አረቄ የምታወጣውን ሴት ፈጥነን አንፍረድባት። የዚህ ጽሑፍ ጸሐፊ በልጅነቱ በዚያው ደጋ ቍራሽ እየለመነ ዳዊት የደገመ ነው። በልመናው መንገድ ላይ ባዶ እጁን የማይመልሱት አንዲት እናት ነበሩ፤ ባላቸው የሞቱባቸው፥ መሬቱን የባል ወንድሞች የወሰዱባቸው፥ አራት ልጆች ይዘው አረቄ በማውጣት የሚኖሩ። ጢስ ያቀላው ዐይናቸው፥ የሚሰጡትም ትኵስ ቂጣ እስካሁን አይረሳም። እኒያን እናት አረቄ መሸጥ ኃጢአት ነው ብሎ የገሠጻቸው ብዙ ነበር፤ ሌላ እንጀራ ያሳያቸው ግን አንድም አልነበረም።

በዚያው ወራት ድምፃቸው ልብን የሚያቀልጥ አንድ መሪጌታ ነበሩ። ሊቅ ነበሩ፤ ለተማሪ የሚራሩ፥ ከደመወዛቸው ለድኻ የሚከፍሉ ሰው ነበሩ። አረቄ ግን ገዝቷቸው ነበር። በጾም ቀን እስከ ዘጠኝ ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ በማኅሌት ሲቆሙ መቋሚያቸውን የጨበጠው እጃቸው ይንቀጠቀጥ ነበር፤ እኛ ተማሪዎች ከብርዱ ይመስለን ነበር። ሚስታቸው አልቅሰው ለንስሐ አባታቸው ነገሯቸው። የንስሐ አባታቸውም ስለሚወዷቸው መክረው ዘክረው፥ በመጨረሻ ከዚያች ቀን ጀምሮ አረቄ የሚባል እንዳይቀምሱ ገዘቷቸው። መሪጌታውም የታመኑ ሰው ነበሩና ቃላቸውን ጠበቁ።

በሁለተኛው ቀን ሰውነታቸው ሁሉ ተንቀጠቀጠ፤ ላብ አጠመቃቸው። በሦስተኛው ሌሊት በግድግዳው ላይ የሌለ ነገር እያዩ ጮኹ፤ ልጆቻቸውንም ማወቅ ተሳናቸው፤ ወድቀውም አረፋ ደፈቁ። ጋኔን ነው ተብሎ በቃሬዛ ወደ ጠበል ይዘዋቸው ሲሄዱ ከመንገድ ዐረፉ። የአገሩ ሰውም ግዝቱን በስውር አፍርሰው ኖሮ ተቀሠፉ አለ። ይህም ነቀፌታ በልጆቻቸው ላይ ብዙ ዘመን ቈየ። ጸሐፊው ካደገ በኋላ አንድ ሐኪም ስለ አልኮል ሕመም ሲያስረዳ ሰምቶ ነገሩ ያን ጊዜ ተገለጠለት። መሪጌታው የሞቱት ግዝቱን ስላፈረሱ አልነበረም፤ ስለ ጠበቁ ነበር።

ይህ ታሪክ የተነገረው ሟቹንም የንስሐ አባታቸውንም ለመንቀፍ አይደለም፤ በዚያ ዘመን በዚያ መንደር ይህንን የሚያውቅ አልነበረም። ዛሬ ግን የሚታወቅ ስለ ሆነ አለማወቅ ምክንያት አይሆነንም። ለብዙ ዓመት በየቀኑ አብዝቶ የጠጣ ሰው ሰውነቱ አልኮሉን ተቋቁሞ መኖርን ይለምዳል፤ አልኮሉ በድንገት የቀረ እንደ ሆነ የአእምሮው ሥራ ልጓም እንደ ተፈታ ፈረስ ይሆናል። በመጀመሪያው ቀን መንቀጥቀጥና ላብ ይመጣል፤ በሁለት ቀን ውስጥ እንደ ሚጥል በሽታ ያለ መንዘፍዘፍ ሊከተል ይችላል፤ ከሁለተኛው እስከ አራተኛው ቀን ባለው ጊዜ ደግሞ አእምሮን የሚያስት፥ የሌለ ነገር የሚያሳይ ትኵሳት ያለበት ሕመም ሊነሣ ይችላል። ይህ ሕመም ሳይታከም የቀረ እንደ ሆነ ይገድላል። ሐኪም ካገኘው ግን መንቀጥቀጡን የሚያበርድ መድኃኒት በልክ እየሰጠ፥ ቫይታሚን ቢ1 እየጨመረ፥ በጥቂት ቀን ውስጥ በደኅና ያሻግረዋል።

ስለዚህ አባቶቻችን ካህናት አንድ ምልክት በልባቸው እንዲይዙ እንለምናለን። ጧት እጁ የሚንቀጠቀጥ፥ አንድ መለኪያ ሲቀምስ የሚረጋ ሰው ቢመጣ፤ ወይም ከዚህ በፊት መጠጥ ሲተው ወድቆ የሚያውቅ ቢሆን፤ ያን ሰው ዛሬውኑ ተው ብሎ መግዘት በገደል አፋፍ ላይ እንደ መግፋት ነው። አስቀድሞ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ወደ ሆስፒታል ይሂድ፤ ግዝቱና ንስሐው ከዚያ ይከተል። በጫት ሱስ የተያዘው ግን እንዲህ ያለ የሞት መንገድ የለበትም፤ ቢተወው የሚያገኘው ድካም፥ ትካዜና ዱካክ ነውና የሚያስፈልገው የሚያበረታታ ወዳጅና የሚያውለው ሥራ ነው። ትካዜው በርትቶ ሕይወቱን እስከ መጥላት ካደረሰው፥ ወይም የሌለ ድምፅ ከሰማ፤ እርሱም ለሐኪም ይገባል።

ምናልባት ጠበልና መድኃኒት እንዴት ይስማማሉ የሚል ይኖር ይሆናል። ይህ ጥያቄ ከዚህ በፊት ተነሥቶ መልስ አግኝቷል። የኤች አይ ቪ መድኃኒት በአገራችን መሰጠት በጀመረበት ዘመን ብዙ ሕመምተኞች ጠበሉን ይዘን መድኃኒቱን እንተዋለን ብለው ይሞቱ ነበር። በ1999 ዓ.ም. ብፁዕ ወቅዱስ አቡነ ጳውሎስ ሕመምተኞች ጠበሉንም መድኃኒቱንም አብረው እንዲወስዱ በአደባባይ ተናገሩ። በዚህም ቃል ሃይማኖቱ አልተነካም፤ ሰውም ዳነ። ለኤች አይ ቪ የተፈቀደው ነገር ለሱስ ሕመም የሚከለከልበት ምክንያት የለም። ጠበሉ የሚጠመቀውን ሰው ተስፋ ያጸናል፤ መድኃኒቱ ተስፋው እስኪፈጸም ድረስ ሕይወቱን ያቈይለታል።

አሁን ደግሞ ወደ ሹማምንቱ እንመለስ። በ1996 ዓ.ም. የወጣው የወንጀል ሕግ በ525ኛው አንቀጽ አደንዛዥ ዕፅ ማምረትን፥ መነገድንና መጠቀምን ይቀጣል። በ2011 ዓ.ም. የወጣው 1112ኛው ዐዋጅ ደግሞ 21 ዓመት ላልሞላው ሰው መጠጥና ትንባሆ እንዳይሸጥ ይከለክላል። ጫት ግን በሕግ ያልተከለከለ፥ ወደ ውጭ አገር ተልኮ የውጭ ምንዛሪ የሚያስገኝ፥ ከ2004 ዓ.ም. ጀምሮ የኤክሳይዝ ታክስ የተደነገገበት ንግድ ነው። እንግዲህ መንግሥት በአንድ እጁ ከሚቀበለው ገቢ ጥቂቱን በሁለተኛው እጁ ለሕክምናው ቢሰጥ ፍትሕ ይሆናል። ከቅጠሉ ግብር የተሰበሰበበት አገር በቅጠሉ ለታመመው ልጅ አልጋ አጣሁ ሊል አይገባውም።

ሁሉንም በአንድ ቀን እንከልክል የሚሉ አሉ። የአሜሪካ መንግሥት በአውሮፓ አቈጣጠር ከ1920 ጀምሮ መጠጥን ፈጽሞ ከልክሎ ነበር፤ መጠጡ ግን ወደ ጓዳና ወደ ወንበዴ እጅ ገባ፤ በ1933 ክልከላው ተሻረ። እንዲሁ ፈጽሞ መልቀቅም ሌላ ጥፋት ነው። የዓለም ጤና ድርጅት እንደ ገለጠው በ2019 በአውሮፓ አቈጣጠር በዓለም ሁሉ 2.6 ሚሊዮን ሰው በአልኮል ምክንያት ሞቷል። መካከለኛው መንገድ የሚሻለው ስለዚህ ነው። ፈጽሞ ለመከልከል ኀይል የሌለው ሹም እንኳ ከትምህርት ቤት ደጃፍ የአረቄና የጫት ቤት ለማንሣት፥ ሕፃን መለኪያ እንዳይጨብጥ ለመጠበቅ ኀይል አለው። 1112ኛው ዐዋጅ በወረቀት ላይ ያለውን 21 ዓመት በአረቄ ቤት ደጃፍ የሚያነብበው ሹሙ ነው።

ይህም ሁሉ በሥራ መፍታት ላይ የተዘራ ዘር መሆኑን መርሳት አይገባም። ከ2015 ዓ.ም. መጨረሻ ጀምሮ በክልሉ በተነሣው ግጭት ብዙ ትምህርት ቤቶች ተዘግተዋል፤ ፋሲል ግቢንና የስሜንን ተራራ ለማየት የሚመጣው እንግዳም ጐድሏል፤ በእርሱ ይኖር የነበረው አስጐብኚ፥ ባለ በቅሎና ባለ ሆቴል ሥራ ፈትቷል። ቀኑ የረዘመበት ወጣት ቀኑን የሚያሳጥርለትን ነገር ይሻል። ትምህርት ቤት የከፈተ፥ ለወጣቱ ሥራ የፈጠረ ሹም ስለ ሱስ አንድ ቃል ሳይናገር ብዙ ሱሰኛ አድኗል ማለት ነው።

እንግዲህ ምን ይደረግ? በመጀመሪያ፤ በየቀበሌው ሁለት ሰዎች የእያንዳንዱን ቤት ምሥጢር ያውቃሉ፤ አንዱ የንስሐ አባት፥ ሁለተኛዋ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናቸው። እርሳቸው ነፍስን፥ እርሷ ሥጋን ሲጠይቁ በአንድ ደጃፍ ይገባሉ፤ ነገር ግን ስለ አንዱ ሕመምተኛ ተነጋግረው አያውቁም። የወረዳው ጤና ጽሕፈት ቤትና የወረዳው ቤተ ክህነት እኒህን ሁለቱን ቢያገናኙ፥ ካህኑ ሕመምተኛውን ይዞ ወደ ጤና ጣቢያ የሚሄድበት፥ ሐኪሙም ያዳነውን ሰው ወደ ካህኑ የሚመልስበት ሥርዓት ቢደረግ ብዙ ገንዘብ ሳይፈስ ብዙ ነፍስ ይተርፋል። ሕመሙ የጸናበትም በጎንደር ዩኒቨርሲቲ ሆስፒታል የአእምሮ ሕክምና ያገኛል፤ ዩኒቨርሲቲው በዳባት የጤና ምርምር ጣቢያ ያለው ስለ ሆነ የደጋውን ሰው ኑሮ የሚያጠና ዐይንም አለ።

ሁለተኛ፤ በየጤና ጣቢያው መጠጥ የሚተውን ሰው በደኅና የሚያሻግረው መድኃኒትና ይህንን የሚያውቅ ባለሞያ ይኑር። ከደባርቅ ማዶ በገደል የሚኖር ሕመምተኛ ጎንደር እስኪደርስ ሦስቱ ቀን ያልቃልና።

ሦስተኛ፤ አረቄ አውጥታ ልጅ የምታሳድገውን እናት እንጀራዋን ሳይሰጡ እሳቷን አያጥፉባት። ለበግ እርባታ፥ ለሽመናና ለጓሮ አትክልት የሚሆን መነሻ ገንዘብ በቍጠባ ማኅበር በኩል ቢሰጣት፥ አረቄውን የምትተወው ማንም ሳይገዝታት በራሷ ፈቃድ ይሆናል።

አራተኛ፤ ቤተ ክርስቲያን ከራሷ ደጃፍ ትጀምር። ፍትሐ ነገሥት ካህን በስካር እንዳይያዝ ያዛል። ነገር ግን ለተዝካሩና ለማኅበሩ አረቄ ያላቀረበ ሰው ስስታም ተብሎ የሚታማ ከሆነ፥ አረቄውንም አስቀድመን የምንቀምሰው እኛ ከሆንን፤ ግዝታችን ማንን ይይዛል? ተዝካር ያለ አረቄ ይወጣል፤ ማኅበርም ያለ ስካር ይጠጣል። ይህንን ካህናቱ አንድ ጊዜ በድፍረት ቢጀምሩት፥ ድኻው ከማያምርበት ወጪ፥ ሰካራሙም ከፈተና ይድናል።

በመጨረሻም፤ ሱስን የተወ ሰው ብዙ ጊዜ ተመልሶ ይወድቃል። ሐኪሞች ይህንን የሕመሙ ጠባይ ነው ይሉታል። ወባ ሁለተኛ የያዘው ሰው በመጀመሪያው መዳኑ ውሸት ነበር አይባልም፤ ሱስም እንዲሁ ነው። የወደቀውን ሰው እንዲያው ነህ ብለን ያባረርነው እንደ ሆነ፥ የሚቀበለው ያው የተወው ቤት ብቻ ይሆናል። አባቶቻችን አመል ያወጣል ከመሐል ብለዋል፤ እርግጥ ነው። ነገር ግን በአመሉ ከመካከላችን የወጣውን ሰው ወደ መካከላችን የሚመልሰው እጅ ከየት ይምጣ?

ሳይቃጠል በቅጠል የሚባለው ምክር ለዚህ ነገር ሳይዘገይ አልቀረም፤ እሳቱ ከቤታችን ገብቷል። ይሁን እንጂ ሹሙ ሕጉን፥ ካህኑ ምክሩን፥ ሐኪሙ መድኃኒቱን ይዞ በአንድነት ቢመጣ የሚጠፋ እሳት ነው። ሦስቱ ለየብቻ ሲመጡ ግን አንዱ የሠራውን ሌላው ያፈርሰዋል። መሪጌታው በማኅሌት መካከል ሲንቀጠቀጡ በጎንደር ሐኪም ነበረ፤ በአጠገባቸውም የሚወዷቸው ካህን ነበሩ። ያልነበረው ሁለቱን የሚያገናኝ መንገድ ነው። ያንን መንገድ መጥረግ ዛሬ ይህንን ጽሑፍ የምታነብቡት የእናንተ ሥራ ነው።